ሁለተኛው ዓይን

አንድ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ዓይን አሳምሬ ለመሳል የፈጀብኝ ሦስት ሳምንት ነው። ከጎኑ የሚቀመጠውን ሁለተኛውን ዓይን ለመሳል ግን ስድስት ወር ፈጀብኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። እርሳስ ጨብጠው ያልሞከሩ ናቸውና አልፈርድባቸውም።

የምኖረውም የምሠራውም ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የምታልቅበት፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ዳርቻ። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እኔ ግን በክረምት የማውቀው ጥቁሩን መረሬ ነው፤ ጫማ ነክሶ የሚያስቀረውን። ከኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ላይ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ የሥራ ማመልከቻ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፤ መታወቂያ በላስቲክ አሽጋለሁ። ይህ ሁሉ መብራት ሲኖር ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኖቹ የተቀመጡ ዕቃዎች ይሆናሉ፤ እኔም ከዕቃዎቹ እንደ አንዱ። ሥዕል ወደ ሕይወቴ የገባው በዚያ ክፍተት ነው። እርሳስ መብራት አይጠይቅም።

የተጀመረው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ዝናቡ ሰው ከቤቱ አላስወጣ ብሏል፤ ሱቁ ጭር ብሏል። እናቱ ሥራ ስትሄድ የ12 ዓመቱን የእህቴን ልጅ እኔ ዘንድ እየተወችው ትሄድ ነበር። እሱም ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ በስልኬ አኒሜ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «አክስቴ፣ ይህን ፊት በቀለም አትሚልኝ» አለኝ። የቀለም ሕትመት ውድ ነው፤ ለዘመድ ሲሆን ደግሞ በነጻ ነው። «ራስህ ሳለው» አልኩት።

«እስቲ አንቺ ሳይው» አለኝ።

በዚያች ቃል ተያዝኩ። በ31 ዓመቴ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከአበባና ከጎጆ ቤት በቀር ምንም ያልሳልኩ ሴት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እርሳስ አነሣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ለፋሁ። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አንዴ አቅርቦ፣ አንዴ አርቆ አየው። ከዚያም በጣም በትሕትና፣ «ዓሣ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወረቀት አልቸገረኝም። ለጀማሪ ሠዓሊ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ማሽኑ የጎረሰው፣ ቀለሙ የደበዘዘበት፣ ደንበኛው «ይህን አልነበረም ያልኩሽ» ብሎ የጣለው ወረቀት በቀን በቀን ይጠራቀማል። የሰው ስምና ስልክ ያለበትን እቀድዳለሁ፤ የቀረው ጀርባው ንጹሕ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊቶቼ ያሉት በስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄዎችና በሠርግ መርሐ ግብሮች ጀርባ ላይ ነው። ወረቀት በገንዘብ እየገዛሁ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን አቆም ነበር።

ስለ ፊት አሠራር የተማርኩት በስልክ ከሚታዩ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ነው። አጀማመሩ ቀላል ነው፤ ክብ ይሣላል፤ ክቡ የራስ ቅል ነው። ከላይ ወደ ታች አንድ መሥመር ፊትን ለሁለት ይከፍላል። ከክቡ ሥር መንጋጋው ይወርድና አገጭ ላይ ይሾላል። ቀጥሎ ዓይኖቹ የሚያርፉበት አግድም መሥመር ይመጣል፤ እኔ መጀመሪያ የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው። ዓሣውን ዓሣ ያደረገው ይህ መሥመር ነው። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ዓይኖቹን ግንባር ላይ ሰቅያቸው ነበር።

መምህሩ «ዓይን ያለው በራስ ቁመት አጋማሽ ላይ ነው» ሲል አላመንኩትም። ከላስቲክ ማሸጊያው አጠገብ የራሴ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ከአናቴ እስከ አገጬ 24 ሚሊ ሜትር። የዓይኔ ብሌን 12ኛው ላይ። በትክክል አጋማሹ! ዕድሜዬን ሙሉ በመስተዋት ያየሁት ፊት፣ ግንባሩና አናቱ ግማሹን እንደሚይዙ አላውቅም ነበር። ሰው ፊትን ሲያስብ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ብቻ ነው የሚያስበው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እንደ ባርኔጣ ነው የሚቆጥረው። ከዚያ ቀን በኋላ መታወቂያ ሊያሳሽጉ የሚመጡትን ሰዎች ፊት በዓይኔ መለካት ልማድ ሆነብኝ። አንዲት እናት «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምታዪኝ?» ብለው ተቆጥተውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የእህቴን ልጅ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ስለካ ደግሞ ዓይኑ ከአጋማሹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የልጅ የራስ ቅል ከፊቱ አንጻር ትልቅ ስለሆነ ነው፤ አገጩ ገና አልወረደም። የአኒሜ ፊት ምሥጢርም አንዱ ይኸው ነው። ዓይኖቹን ከአጋማሹ ዝቅ ካደረጓቸው፣ ካሰፏቸውና አገጩን ካሳጠሩት ሰውየው ልጅ ይሆናል። መሥመሩ ከፍ፣ ዓይኑ ጠበብ፣ አገጩ ረዘም ሲል ደግሞ ያው ሰው ያረጃል። በአንዲት መሥመር ሃያ ዓመት መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ይህን ያወቅኩ ቀን ያለ ምክንያት ደስ ብሎኝ ዋለ።

ከዚያ ወደ ዓይኑ። ስለ ዓይን ብዙ ማውራት ስለምወድ ታገሡኝ። የላይኛው የዓይን ቆብ ወፍራም ጥቁር መሥመር ነው፤ ወደ ውጭው ጥግ ሲሄድ እየወፈረ ይሄድና ሽፋሽፍት ይሆናል። የታችኛው ቀጭን ነው፤ ሁለቱን ጥጎች ሳይነካ መኻል ላይ ብቻ ቢኖር ይበቃል። ዙሪያውን በሙሉ ከዘጋችሁት ዓይኑ የደነገጠ ይመስላል። በመኻል ያለው ክብ ክብ አይደለም፤ ቆሞ የተቀመጠ እንቁላል ነው፤ አናቱን የላይኛው ቆብ ይቆርጠዋል። ከቆቡ ሥር ጥላ ስለሚያርፍ የላይኛው ክፍል ይጠቁራል፤ ወደ ታች እየሳሳ ይወርዳል። እዚህ ላይ የኤች ቢ እርሳስ አይበቃም፤ ከመደርደሪያዬ ጠቆር የሚለውን 2 ቢ አወረድኩ፤ ለራሴ በዋጋው ሸጥኩት። በመጨረሻ ብርሃኗ፤ በጥቁሩ ውስጥ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ የሚቀርባት ትንሽ ቦታ። ብርሃኗን ቀድሞ በስሱ ከብቦ መተው ነው የሚሻለው። ከረሱት ግን ላጲስን በምላጭ አሹሎ በጫፉ ማንሣት ይቻላል። ይህች ነጭ ነጠብጣብ እስክትገባ ድረስ ዓይኑ ቁልፍ ነው፤ ስትገባ ያያችኋል። በነሐሴ አንድ ምሽት ሱቁን ልዘጋ ስል ከወረቀቱ ላይ አንድ ዓይን አየኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ አፍሬ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

አንድ ዓይን ግን ፊት አይሆንም።

ቪዲዮዎቹ ላይ ያለኝን ቅሬታ እዚህ ጋ ልናገር። መምህሩ የመጀመሪያውን ዓይን አሥር ደቂቃ ያስተምራችኋል፤ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ይስላል። ቀጥሎ «ሌላውንም እንዲሁ» ይልና ሥዕሉ በፍጥነት ይሮጣል፤ ቀና ስትሉ ሁለት ዓይን ያለው ቆንጆ ፊት ተቀምጧል። እኔስ? የእኔ ሁለተኛ ዓይን አንዴ ይገዝፋል፣ አንዴ ወደ ጆሮ ይሸሻል፣ አንዴ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። ቀኝ እጄ የግራውን ዓይን ስትስል ውጭው ጥግ በአንድ በኩል ነው፤ የቀኙን ስትስል ሁሉም ነገር መገልበጥ አለበት፤ እጅ ደግሞ መገልበጥ አትወድም። አንዱን በፍቅር ከጨረስኩ በኋላ ሁለተኛውን ስጀምር ልቤ መምታት ይጀምራል፤ ሥዕሉን የማበላሸው አሁን ነው እያልኩ። እንዳሰብኩትም ይሆናል።

ታዲያ መደበቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ልጅ ፀጉሯን በቀኝ ዓይኗ ላይ ለቀቅኩባት፤ አማረባት። ሁለተኛው በፋሻ ዓይኑን ታሰረ፤ ጦረኛ ነው አልኩ። ሦስተኛው ጠቀሰ። አራተኛው ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ ከጎን የታየ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ማንም ሊከሰኝ አይችልም። የወደድኳቸውን ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በፕላስተር እለጥፍ ነበር። እስከ ኅዳር ድረስ 27 ሆኑ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ለኮፒ ሲመጡ ቆመው ያዩአቸዋል፤ አንዷ «ፀጉሯን እንዴት አድርገሽ ሳልሽው?» ብላ ስትጠይቀኝ ለሁለት ቀን ሠዓሊ ነኝ ብዬ አመንኩ።

በመኻሉ አንድ ማጭበርበር ሞክሬአለሁ። የፊቱን ግማሽ ብቻ ሳልኩ፤ እስካን አድርጌ ኮምፒውተሩ ላይ በፔይንት ገለበጥኩት፤ ግማሹንና ግልባጩን ገጥሜ አተምኩ። ሁለት ፍጹም እኩል ዓይኖች! በደስታ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ያ ፊት ሲያየኝ ደስ አላለኝም። ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ጫፍ፣ የፀጉሩ ሹል ሁሉ በግራም በቀኝም ያው ነው። በሁለቱ ዓይኖች ውስጥ ያለችው ብርሃን እንኳ ተገልብጣ አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ ትበራለች፤ ሁለት ፀሐይ ያለበት አገር ይመስል። ብርሃን ከአንድ በኩል ከመጣ በሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ በኩል ነው ማረፍ ያለበት። የተሰፋ ጭምብል ነበር። አውርጄ የሒሳብ ማስላያ አደረግኩት።

በኅዳር አጋማሽ የኔታ መጡ። በአቅራቢያችን ባለው ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ፤ ለተማሪዎቻቸው የሚሆን ገጽ ለማባዛት አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ በከዘራቸው ተደግፈው ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ወረቀት እቆጥራለሁ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ ምን አጥፍተው ነው?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው የኔታ?»

«በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ዓይን ብቻ የሚሳልለት ማን እንደሆነ አታውቂም? ሰይጣን ነው። ይሁዳ ነው። ጌታን የሚገርፉት ናቸው። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ፊቱን ወደ አንቺ መልሶ ያይሻል።» ከዘራቸውን አንሥተው ጦረኛዬን ጠቆሙት። «ይህ እንኳ አንዱን አስሮ ይዟል።»

ዕድሜዬን ሙሉ እነዚያን ሥዕሎች እያየሁ አድጌ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እውነቱን ከመናገር በቀር መሸሻ አልነበረኝም። «የኔታ፣ ሁለተኛው አልሆንልኝ ብሎ ነው» አልኳቸው።

ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያውስ ኃጢአቱ የእነሱ አይደለማ» አሉና ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ።

የዚያን ምሽት 27ቱንም ከግድግዳው አወረድኳቸው። ቤት ገብቼ በስልኬ ውስጥ የቆዩ ፎቶግራፎችን ስፈልግ ቆየሁ። በ2009 ዓ.ም. ለወንድሜ ምርቃት ጎንደር ሄደን ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይተን ነበር። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ረድፍ በረድፍ፣ ክንፍ ያለው ራስ ብቻ። ያኔ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ ጥቂት ፎቶ አንሥቻለሁ። አሁን አንድ በአንድ አጎላኋቸው። ትልልቅ ዓይኖች፤ ጥቁሩ ወደ አንድ ጥግ የተጠጋ፣ ነጩ በሌላው በኩል የሰፋ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ካጎላኋቸው ፊቶች በብዙዎቹ ሁለቱ ዓይኖች እኩል አይደሉም! አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል፤ አንዱ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከፍ ብሏል። ግን ማንም ልብ አይለውም፤ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ልብ አላልኩትም። ምክንያቱ ሁለቱም ጥቁሮች ወደ አንድ ቦታ ስለሚያዩ ነው። ወደ አንድ ነገር እስካዩ ድረስ ዓይኖቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ መንትያ መሆን አይጠበቅባቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ «አኒሜ ከእኛ ሥዕል ተወሰደ» የሚል ሰው እንዳይነሣብኝ። የጃፓኖቹ ትልልቅ ዓይኖች ሌላ ታሪክ አላቸው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ኦሳሙ ቴዙካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደ፣ ሕክምና አጥንቶ ሥዕሉን የመረጠ ሰው። ያደገው የአሜሪካ ካርቱኖችን እየወደደ ነው፤ የዓይኖቹ ትልቅነት ከዚያ መጣ። ከጎንደር ሠዓሊዎች ጋር ዝምድና የለውም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያወቁ ይመስለኛል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው፣ ከጣሪያ ላይም ይሁን ከትንሽ የቴሌቪዥን መስኮት፣ ፊትን የሚሸከመው ዓይን ነው።

በማግሥቱ አሠራሬን ቀየርኩ። አንዱን ዓይን ጨርሼ ወደ ሌላው መሄድ ተውኩ። በዓይኑ መሥመር ላይ መጀመሪያ አራት ጭረት አደርጋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን መጀመሪያና መጨረሻ። በመኻላቸው አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ እተዋለሁ። ከዚያ ከፊቱ ውጭ፣ ወረቀቱ ላይ የሆነ ቦታ አንዲት ነጥብ አስቀምጣለሁ፤ ሰውየው የሚያየው እሷን ነው። ቀጥሎ የግራው የላይኛ ቆብ፣ ወዲያው የቀኙ የላይኛ ቆብ። የግራው ጥቁር ወደ ነጥቧ፣ የቀኙም ወደ ነጥቧ። እንዲህ እያለ ሁለቱ አብረው ያድጋሉ። ማንኛቸውም ቀድሞ አያምርም፤ ስለዚህ የሚበላሽ ውድ ነገር የለም፤ ልቤም አይመታም።

የመጨረሻው ፈተና የሱቁ የመስተዋት በር ነው። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው በኩል ብርሃኑ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሥዕሉ ተገልብጦ ይታያል። መጀመሪያ ይህን ሳደርግ ክፉኛ ደነገጥኩ። በፊት ለፊቱ ቀጥ ያለ የመሰለኝ ፊት በጀርባው ሲታይ ጎኑን እንደተመታ ጀሪካን ወደ አንድ በኩል ተንጋዶ ነበር። ሰው ለረጅም ጊዜ ያፈጠጠበትን ጥፋት ዓይኑ ይለምደዋል፤ ሲገለበጥ ግን እንግዳ ሆኖ ይመጣል። የተንጋደደውን እዚያው በጀርባው በእርሳስ አርሜ፣ መልሼ በፊት ለፊቱ አስተካክላለሁ። የሚያልፉ ሰዎች በር ላይ ተለጥፋ ወረቀት የምታሽ ሴት ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም።

ገደድ ብሎ የዞረ ፊት ላይ ደግሞ ሕጉ ይለወጣል፤ የራቀው ዓይን ይጠባል፤ መኻለኛው መሥመር እንደ ሐብሐብ ቅርፊት ይጎብጣል፤ ከራቀው ዓይን አጠገብ የጉንጩ ጠርዝ ትንሽ ይሰረጉዳል። ይህን ገና እየተለማመድኩ ነው። ጆሮ ቀላል ነው፤ ከዓይን መሥመር እስከ አፍንጫ ሥር። ስለ አንገት የምለው የለኝም፤ እስካሁን በነጠላ እሸፍነዋለሁ። የኔታ ስለ አንገት ያሉት ነገር የለም።

ስለ ፀጉር ግን አለኝ። መጀመሪያ የምስለው ሁሉ እንደ አኒሜዎቹ ሹል ሹል፣ ወደ ላይ የቆመ ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንዲት ተማሪ ሹሩባዋን ተሠርታ መጣች፤ ገና ከሠሪዋ እጅ የወጣ፣ ጠባብ ጠባብ። ወረቀቷ እስኪወጣ ድረስ ከኋላዋ ቆሜ አየሁት። የሹሩባው መሥመሮች ከግንባር ተነሥተው የራስ ቅሉን እያቀፉ፣ እየተጠጋጉ ወደ ማጅራት ይወርዳሉ፤ ተዳፋት ላይ እንደታረሰ ትልም። ያ ሁሉ ቪዲዮ «የራስ ቅል ድቡልቡል ነው» ብሎ ሊያስረዳኝ የለፋውን ነገር፣ የሰፈራችን ሹሩባ ሠሪ በጣቷ ጽፋዋለች። መሥመሮቹን ተከትዬ ስስል ክቡ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ። የእህቴ ልጅ «አኒሜ ውስጥ ሹሩባ የለም» ብሎ ተከራከረኝ፤ «አሁን አለ» አልኩት። ከአንድ ሳምንት በኋላ የራሱን ጦረኛ ጎፈሬ አበጥሮለት አመጣው፤ ዳር ዳሩን በደመና ቅርጽ ከብቦ፣ አናቱ ላይ ብርሃን ትቶለት። ከእኔ የተሻለ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የኔታ ተመልሰው መጡ። ወረቀታቸውን ሰጥተውኝ ማሽኑን ስጫን መብራቱ ጠፋ። «እጠብቃለሁ» አሉና የልጁ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኔም እርሳስ አነሣሁ። ጥምጣማቸው ግንባራቸውን ስለሚሸፍን የፀጉር ጣጣ የለም፤ ጢማቸው ደግሞ አንገታቸውን ሸፍኖልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የዓይኑን መሥመር በልጅ ልክ ዝቅ አላደረግኩትም፤ ትልልቅ ግን አደረግኳቸው። እሳቸው ይመጣል ብለው የሚያዩት የጣሪያውን አምፖል ነበር፤ ነጥቧን በወረቀቱ ጫፍ፣ አምፖሉ ባለበት በኩል አስቀመጥኩ። የግራው ቆብ፣ የቀኙ ቆብ። የግራው ጥቁር ወደ አምፖሉ፣ የቀኙ ጥቁር ወደ አምፖሉ። ከዓይኖቻቸው ሥር ያሉትን መሥመሮች ሁለት ሁለት ብቻ። በሩ ላይ ለጥፌ ገልብጬ አየሁት፤ ጥቂት አረምኩ። አፍንጫቸውን አንዲት ነጥብ አድርጌ ተውኩት፤ አኒሜ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ምክንያትም አለው። የቴዙካ የሮቦት ልጅ፣ «አስትሮ ቦይ»፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1963 በየሳምንቱ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ጊዜውም ገንዘቡም ትንሽ ነበር፤ አፍ ብቻ እየተንቀሳቀሰ የቀረው ፊት ይቆም ነበር። ዛሬም ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰከንድ 8 ሥዕል ያህል ይሳላል። ያን ሁሉ ጊዜ ተደጋግሞ በሚሳል ፊት ላይ አፍንጫን በዝርዝር መሳል አይቻልም።

አዙሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት። ጣታቸውን አንሥተው የግራውን ዓይን፣ ቀጥሎ የቀኙን ነኩ።

«ሁለት ናቸው» አሉ።

«አዎን፣ የኔታ።»

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። «አፍንጫዬንስ የት ወሰድሽው?»

ነጥቧን በእርሳሴ ጫፍ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩአት፤ የራሳቸውን አፍንጫ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«መብራቱ ሲመጣ» አሉኝ፣ «ይህንንም ሁለት ኮፒ አንሺልኝ።»